ስምንተኛው ዓርብ

ስኳር መስረቅ የጀመርኩት የምናዘዘው ነገር ስላጣሁ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። በወር አንዴ፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወስደኛለች። በዋዜማው ሐሙስ ከእራት በኋላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ትወለውልና ፊት ለፊቷ ታስቀምጠኛለች። «በይ ቴክሉሻ፣ ወሩን መለስ ብለሽ አስቢው» ትለኛለች። አስበዋለሁ። ዶሮዎቹን አብልቻለሁ፣ ጸሎቴን አድርሻለሁ፣ የተላክሁበት ሁሉ ሄጃለሁ። ባዶ እጄን ካህን ፊት መቅረብ ደግሞ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ቀኑ ሲቃረብ ከቆርቆሮው አንዳንድ አንኳር ስኳር እያነሳሁ መቆርጠም ጀመርኩ። ዓርብ ላይ «ስኳር ሰርቄአለሁ» እላለሁ። አባ ኮሲባም «ስንት ጊዜ?» ይሉኛል። የሚያስጨንቃቸው ቁጥሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ አፖሎኒያ የደህና ኑዛዜን አምስት ሕጎች ያስተማረችኝ በጣቶቼ ነው። አውራ ጣት ኅሊናን መመርመር፣ ሌባ ጣት መጸጸት፣ መሃል ጣት ላይደግሙ መቁረጥ፣ የቀለበት ጣት ሳይደብቁና ሳይዋሹ መናገር፣ ትንሿ ጣት የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም። አንዷ ከጎደለች ሁሉም ከንቱ ነው ትላለች። ደስ አይለኝም፣ ዛሬ ይቅርብኝ ካልኳት ደግሞ መልሷ አንድ ነበር። «ደስ እስኪልሽ ከጠበቅሽ መቼም አትሄጂም። ፊትሽን ስትታጠቢ ደስ ይልሻል እንዴ? ቀኑ ሲደርስ ትሄጃለሽ፣ አለቀ።»

በእኛ አገር ሴቶች የሚናዘዙት ካህኑ በሚቀመጥበት የእንጨት ሳጥን ጎን ተንበርክከው ነው። ጀርባቸውና የጫማቸው ሶል ለሁሉም ሰው ይታያል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ካህኑ ሲፈታ በጣቱ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ያን ጊዜ ተነስተሽ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሐምራዊ ጨርቅ ጫፍ ስመሽ፣ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ እንጂ ጆሯቸው እዚያው ነው። ማን ቶሎ እንደተንኳኳለት፣ ማን እንደቆየ፣ አንድ በአንድ ያውቃሉ።

ለእናቴ አይንኳኳላትም ነበር። ትንበረከካለች፣ ጥቂት ትናገራለች፣ ጥቂት ትሰማለች፣ ከዚያ ሳጥኑ ዝም እንዳለ ብድግ ብላ ትመጣለች። ቁርባን ሲደርስ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ እሷ ትቀመጣለች። እኔ በጉልበቷ ላይ ተሻግሬ ነው የምሄደው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ትመጣለች። ለምን እንደምትመጣ ጠይቄያት አላውቅም፤ ትልቅ ኃጢአት እንዳለባት ብቻ ገብቶኝ ነበር። ምን እንደሆነም የደረስኩበት ይመስለኝ ነበር።

የምንኖርበት ቤት የጀርመን ቤት ነበር። በመንደሩ ያለው ቤት ሁሉ እንደዚያው ነው። ጀርመኖቹ ከጦርነቱ በኋላ ሲባረሩ የእኛ ሰዎች ከምሥራቅ፣ ሩሲያኖች ከወሰዱት ከቡግ ወንዝ ማዶ፣ በባቡር መጥተው ገቡበት። የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው በጀርመንኛ ነው፣ ሳህኖቹም፣ የልብስ ማንጠልጠያዎቹም የሌላ ሰው ናቸው። አንድ የበረዶ ክረምት ሴቶቹ ለብርድ ልብስ የሚሆን የዝይ ላባ ሊፈለፍሉ ጎረቤታችን እትዬ ፔላግያ ቤት ተሰብስበው ነበር። ነፋስ እንዳይገባ በሩ ተቀርቅሯል፣ ጠረጴዛው በላባ ክምር ነጭ ሆኗል። እናቴ ስላመማት ቀርታለች። እኔ ከፔላግያ ልጆች ጋር ጠረጴዛው ስር ነበርኩ።

«አፖሎኒያ ዘንድሮም ሳትቆርብ ፋሲካ ሊመጣባት ነው» አለች አንዷ።

«ምን ታድርግ? ፊተኛይቱ መሞቷ ካልታወቀ አባ ኮሲባ ከየት አምጥተው ይፍቷት?»

«ብትመጣስ? የቫሌንቲ ሚስት ከሳይቤሪያ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አልመጣችም? ያውም ጥርሷ ሳይጎድል!»

«መጥታ በር ላይ ቆማ "ውጪልኝ" ብትላትስ!»

«ቀስ በይ አንቺ፣ ስትስቂ ላባውን በተንሽው!» ብላ ፔላግያ ተቆጣች። «ልጅቷ ደግሞ እዚህ አለች።»

ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ፊተኛይቱ የቤቱ ባለቤት የነበረችው ጀርመናዊት ናት። እናቴ አንድ ነገር አድርጋታለች፤ ምናልባት ገድላታለች፣ ምናልባትም በደንብ ሳትገድላት ቀርታለች። ሳይቤሪያ መባሉም አልከነከነኝም። በኛ ቤት የጠፋ ሰው ሁሉ ሳይቤሪያ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳ ስገባ እየፈራሁ ነበር የምገባው።

እውነቱን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ፊተኛይቱ ዮዜፋ ትባላለች። አባቴ ሴቬሪን ገና በሃያ ዓመቱ፣ ከቡግ ማዶ፣ በቁርባን ያገባት ሚስቱ ናት። እሱ ወታደር ሆኖ ሄዶ ሳለ ሩሲያኖች ከእናቷ ጋር በከብት ባቡር ጭነው ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ከጦርነቱ በኋላ አባቴ እናቴን ሲያገባ ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ፣ ምክንያቱም ሞቷ ያልተረጋገጠ ሚስት ያለችውን ሰው ቤተ ክርስቲያን አታጋባም። ዮዜፋ የሞተችው ካዛክስታን ውስጥ፣ ገና በሁለተኛው ክረምት ነበር። ይህን የሚል ወረቀት የደረሰን እናቴ ከተቀበረች ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። አባቴ አነበበው፣ አጠፈው፣ ከዚያ ላሞቹን ሊያልብ ወጣ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሚቀጥለው በጋ መጀመሪያ ላይ እናቴ የምትስልበትን መሐረብ መደበቅ ጀመረች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ኮሲባ ቤታችን መጡ። ውጪ ተጫወቺ ተባልኩና በወጥ ቤቱ መስኮት ስር ካለው ቁጥቋጦ ገባሁ።

«አፖሎኒያ፣ ሐኪሙ ያለውን ሴቬሪን ነግሮኛል» አሉ አባ ኮሲባ። ድምፃቸው እንደ ስብከቱ ጊዜ አልነበረም። «ከቤት ውጣ አልለውም፤ ልጅ አለች። ግን እንደ ወንድምና እህት ኑሩ። ሁለታችሁም ቃል ከገባችሁልኝ በሚመጣው ዓርብ እፈታሻለሁ።»

«አባ፣ ሚስቴ እኮ ናት» አለ አባቴ።

«በማን ፊት፣ ሴቬሪን?»

 ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

«እንገባለን» አለች እናቴ። «ዘጠኙን ዓርብ መጨረስ እፈልጋለሁ፣ አባ። ሳልፈታ መሞት አልፈልግም።»

ዘጠኙ ዓርብ ምን እንደሆነ የኛ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። ዘጠኝ ወር ሳያቋርጥ በመጀመሪያው ዓርብ ተናዝዞ የቆረበ ሰው ያለ ንስሐ አይሞትም የሚል ተስፋ አለ። አንዱ ወር ካመለጠ ግን ከአንድ ይጀመራል። እኔ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ እናቴ ግን አንዱንም አላገኘችም። ሳትፈታ ብትሞት የት እንደምትገባ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተስሎ አይቼዋለሁ።

በዚያው ማታ አባቴ ትራሱንና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ወደ ጣሪያው ስር፣ ሽንኩርት ወደምናደርቅበት ወጣ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ወንድምና እህት ሊሆኑ ነው። የፔላግያ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ ሲቧጨሩ ነው የሚውሉት። የኔዎቹ ግን አልተቧጨሩም፤ እንዲያውም በጣም ተከባበሩ። አባቴ ጠዋት ከጣሪያው ሲወርድ ወደ እናቴ ክፍል ከመግባቱ በፊት «ይቻላል?» ይል ጀመር። እኔ እናቴ ጠልታዋለች ብዬ አዘንኩለት። የሰላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬ እኔ ያን ጊዜ ከነበረው ዕድሜ በብዙ እበልጣለሁ።

በሐምሌው ዓርብ ለእናቴ ተንኳኳላት። ሁለት ጊዜ፣ ጥርት ብሎ። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶች መቁጠሪያቸው ቆመ። እናቴ ጨርቁን ስማ ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር፣ ቁርባን ሲደርስም ከኔ ቀድማ ተነሳች። ቤት ስንገባ ድንችና አይብ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ ፒየሮጊ፣ ሠራችልንና እሷም ሁለት ሳህን በላች። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ በየወሩ ተንኳኳላት። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ብቻ ሲቀሩን ክረምቱ ከበደ። ሳሏ ብሶባት በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እናርፍ ነበር፤ ግን አትቀርም። «ሁለት ብቻ ቀረን» ትለኛለች፣ እኔም ለሷ ስል ወሩ እንዲያጥር እጸልያለሁ።

ከሰባተኛው ዓርብ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ምድጃ ጭስ ተፍቶ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት ሰደዱን። የአባቴ ቦቲ ጫማ የእናቴ ክፍል በር ላይ ቆሟል፣ የወተቱ ባልዲ ሳይታጠብ ተትቷል። በሩ ገርበብ ያለ ነበር። በትልቁ የላባ ብርድ ልብስ ስር ሁለቱም ተኝተዋል፤ የአባቴ ክንድ ከአንገቷ ስር ነው። እናቴ ትስቃለች። ሳል ሳያቋርጣት ስትስቅ ከሰማሁ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሩን ቀስ ብዬ ተውኩትና ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት እስኪደርስ ከላሞቹ ጋር በረት ውስጥ ተቀመጥኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በርዷቸው ይሆናል አልኩ፤ ጣሪያው ስር ደግሞ ይበርዳል።

በኋላ ነው ነገሩ የመጣብኝ። ቃል ገብተዋል። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃላቸውን ሲያፈርሱ አይቼ ደስ ካለኝ እኔስ ከነሱ በምን እሻላለሁ? በስምንተኛው ዓርብ ዋዜማ፣ ሐሙስ ማታ፣ እናቴ ጠረጴዛውን ወለወለች። «በይ ቴክሉሻ» አለችኝ። ስኳር አልኩ። «ሌላስ?» አለችኝ። «ሌላ የለም» አልኳት። ያን ዕለት የራሷንም ጣቶች ዘርግታ ስታያቸው ቆየች፣ ከዚያ ሳትቆጣኝ አስተኛችኝ።

ስምንተኛው ዓርብ ላይ ቀድሜ የተንበረከክሁት እኔ ነበርኩ። ስኳሩን ተናገርኩ። ለእናቴ መዋሸቴን ተናገርኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «አባቴን ከእናቴ አልጋ ላይ አየሁት፤ ደስ አለኝ» አልኩ።

አባ ኮሲባ ስንት ጊዜ አላሉኝም።  «ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ኃጢአት አይደለም» አሉኝ። «የራስሽን ብቻ ነው የምትናገሪው።» አንኳኩልኝ።

ቀጥላ እናቴ ተንበረከከች። ቀኖናዬን እየደገምኩ ጀርባዋን አያለሁ። ቆየች። እንደወትሮው በሹክሹክታ ነበር፤ አንድ ጊዜ ግን ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ፤ «አይ፣ አባ» ስትል ሰማኋት። ሁሉም ሰሙ። ከዚያ ሳጥኑ ዝም አለ። እናቴ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቁርባን ሲደርስ እኔም አልተነሳሁም።

«ሂጂ እንጂ» አለችኝ።

«እግሬን አሞኛል» አልኳት።

በበረዶው ስንመለስ፣ «እማዬ፣ ከአንድ እንጀምራለን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንጀምራለን» አለች። ፊቷን ግን ወደኔ አላዞረችም። አወቀችብኝ አልኩ። ነግሬባታለሁ፣ እሳቸው ጠይቀዋታል፣ ሁለት ዓርብ ሲቀራት ሁሉንም አፈረስኩባት።

ካህን በኑዛዜ የሰማውን አያወጣም፤ ከአንዱ የሰማውንም ለሌላው መጠየቂያ አያደርገውም። ይህን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል በቃሌ አጥንቼ ተሸልሜበት ነበር። ስለሌሎች ካህናትና ስለሌሎች ልጆች የተጻፈ መሰለኝ።

እናቴ ከአንድ አልጀመረችም። ለቀጣዩ ዓርብ ከአልጋ መነሳት አቃታት። በዚያው ወር አጋማሽ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ አባ ኮሲባ ቁርባኑን በደረታቸው ይዘው፣ ደወል የሚያቃጭል ሰው ከፊታቸው እየሄደ መጡ። ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ፔላግያ ነጭ ጨርቅና ሁለት ሻማ አዘጋጅታ ነበር። አባቴና እኔ ወጥ ቤት ሆነን በሩ ተዘጋ። አባቴ ምድጃውን ተደግፎ ቆመ፣ ኮቱ ተቃጥሎ መሽተት እስኪጀምር ድረስ አልተነቃነቀም።

በሩ ተከፈተ። «ሴቬሪን» አሉ አባ ኮሲባ፣ «ግባ። ምናልባት አንተን ትሰማ ይሆናል።»

አባቴ ገባ። መጀመሪያ የሚሰማው ማጉረምረም ብቻ ነበር። ከዚያ አባቴ ጮኸ። በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው።

«በይው! አንዲት ቃል ናት፣ አፖሎኒያ! ስለ እግዚአብሔር በይው!»

የእናቴን መልስ አልሰማሁም። ግን ምን እየጠየቋት እንደሆነ አወቅሁ። ማን እንደነገረባት እንድትናገር ነው። ስሜን እየጠየቋት ነው፣ እሷም እያጋለጠችኝ አይደለም። ጆሮዬን በእጄ ደፈንኩ። አባ ኮሲባ ሲወጡ ቁርባኑን እንዳመጡት ይዘውት ነበር። ሲያልፉ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። እኔ ወደ ግድግዳው ተለጠፍኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተች። ቅዳሴ አልተቀደሰላትም፣ ደወልም አልተደወለላትም። ስድስት ጎረቤቶች ተሸክመው ወሰዷትና ከአጥሩ ጥግ ቀበሯት። አባ ኮሲባ ያለ ልብሰ ተክህኖ፣ በተራ ካፖርት፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከሴቶቹ ኋላ ቆመው ነበር። «መምጣታቸውም ትልቅ ነገር ነው» አለች ፔላግያ። እኔ ግን አፌን ዘግቼ እንደሆነ ሊያዩ የመጡ መሰለኝ።

አፌን አልዘጋሁም። ልማዱ ተጣብቆብኝ ነበርና በየወሩ መሄዴን ቀጠልኩ፤ ስኳሩን ግን ተውኩት፣ የምናዘዘው ነገር አግኝቼ የለ። አድጌ ከተማ ገባሁ፣ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ሸጥኩ፣ አግብቼ ፈታሁ። በየደብሩ፣ በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ፣ «በእናቴ ላይ ተናግሬ ሳትፈታ እንድትሞት አድርጌአለሁ» አልኩ። ወጣቶቹ ካህናት ልጅ ነበርሽ፣ ኃጢአት የለብሽም ይሉኛል። ሽማግሌዎቹ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ይሰጡኛል። ሁሉም አንኳኩልኝ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያው ነው። እናቴ ሲኦል ናት፣ የከተትኳትም እኔ ነኝ ብዬ አርባ ዓመት ኖርኩ። ሰው ይህን ተሸክሞ ቲኬት መሸጥ፣ መብላት፣ መሳቅ መቻሉ እኔንም ይገርመኛል።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ፣ ልጠይቀው ሄጄ የቀይ ሥር ሾርባ ሠራሁለት። እሱ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። ሾርባውን ሰጥቼው ልብሴን ስደርብ አየኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ልናዘዝ።»

«ልክ እንደ እናትሽ» አለ። «አንድ ወር አያልፋችሁም። እሷን ምን አደረጉላት?»

«እሷን እንደዚያ ያደረግኋት እኔ ነኝ» አልኩት። ለምን ያን ቀን እንዳልኩት አላውቅም፤ ደክሞኝ ነበር መሰለኝ። ቆሜ፣ ኮቴን ግማሽ እንደለበስኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ምድጃውን፣ ገርበብ ያለውን በር፣ ለአባ ኮሲባ ያልኩትን።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ?» አለ። «አንቺ ምን አገባሽ? ራሷ ናት የነገረቻቸው። ገና ከመንበርከኳ። የዚያኑ ማታ አንድ በአንድ አጫውታኛለች። "ትጸጸቻለሽ ወይ?" አሏት። "በሌላው ሁሉ እጸጸታለሁ፣ በዚያ ቀን ግን አይ፣ አባ" አለቻቸው። እሳቸውም አልፈቷትም። ምን ያድርጉ?»

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

«በመጨረሻውስ ቀን? "በይው" እያልክ ስትጮህባት?»

«"ተጸጽቻለሁ" እንድትል ነዋ! በቃ፣ አንዲት ቃል። ሽማግሌው ራሳቸው ያለቅሱ ነበር። ዋሺ አልኳት፣ እኔ ልኮነንልሽ፣ ዋሺና ቁረቢ። እምቢ አለች። ለልጅቷ ስትይ አልኳት።» አባቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ ይጠርገው ጀመር፤ ምንም አልነበረበትም። «"ለልጅቷ ስል ነው እንጂ" አለችኝ። "ኑዛዜ ላይ አይዋሽም ብዬ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ነገ ካህን ፊት ስትንበረከክ እናቴ ዋሽታ ሞተች እንድትል ነው የምትፈልገው?" አለች። ትንፋሽ እያጠራት ነው ይህን ሁሉ ያለችው። ግትር ነበረች፣ ነፍሷን ይማር።»

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ላሞቅልህ ስለው ይሁን አለ፣ አሞቅሁለት፣ በላ። ያ ሁሉ ሸክም ከላዬ ወርዷል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለእናቴ ኮራሁ፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ከሁሉ በላይ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ጆሮዋን ደፍና ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ልጅ አሰብኳት። ያቺ ልጅ ትምህርት አልነበረም የቸገራት።

ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተንበረከክሁ፣ ጥቃቅኑን ተናገርኩ፣ ተፈታሁ። አባቴ ከሞተም በኋላ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ መሄዴን አልተውኩም። ጎረቤቴን ማማቴን እናዘዛለሁ፣ ትዕግሥት ማጣቴን እናዘዛለሁ። አንዱን ብቻ ለማንም ካህን ተናግሬው አላውቅም፣ ስለማልጸጸትበት፤ እናቴ በመጨረሻው ቀን ብትዋሽልኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።